የምትሸከመዋንስ ማን ያሳርፋት?

(በእሁድ ስብሰባችን የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ንግግር አላውቅም፣ ትምህርቴም ከአስረኛ ክፍል አላለፈም። የምትኖሪውን ተናገሪ ስላላችሁኝ ነው የቆምኩት።

የምሠራው እዚሁ ራውሼ፣ ከኮርኒሹ ከፍ ብሎ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። የቤቱ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። ይህ ከመወለድ በፊት፣ በወሊድ ሰዓት ወይም በጨቅላነት አንጎል ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ ነው። አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። ልጁ መራመድና መናገር አይችልም እንጂ የምናወራው ይገባዋል፤ ስንቀልድ ይስቃል።

አበላዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ ሌሊት ሦስቴ ተነስቼ አገላብጠዋለሁ። መብራት ጠፍቶ ኢሽቲራኩም ሲቆም አሳንሰሩ አይሠራም፤ ፊዚዮቴራፒ ለመሄድ ታቅፌው በደረጃ እወርዳለሁ። ግን ስለ ወገቤ ላወራ አይደለም የመጣሁት።

አንድ ቀን ምሳውን ሲተፋብኝ ጮህኩበት። ደነገጠና እጅና እግሩ ድርቅ አለ። ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። እኔ ክፉ ሰው ነኝ አልኩ። ማታ ታባርረኛለች እያልኩ ለማዳም ነገርኳት። "አና ካማን" አለችኝ፤ እኔም ማለቷ ነው። ለካ እሷም ቧንቧ ከፍታ ነው የምታለቅሰው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "በእርግዝናዬ ምን አጥፍቼ ይሆን?" ስትል ኖራለች። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ተካፈልን። እሁድም መውጣት ጀመርኩ።

ያን ሌሊት እናቴ ትዝ አለችኝ። ወሎ ያለው ታናሽ ወንድሜም እንዲሁ ነው። ሰው "ልክፍት ነው" ሲላት ቤት ደበቀችው፤ እሷም አብራው ተደበቀች። ጎረቤት ሄዳ ቡና ከጠጣች ስንት ዓመቷ! መናገሻ ላይ ቼሻየር ኢትዮጵያ አካል ጉዳተኛ ልጆችን እንደሚረዳ እንኳ የነገራት የለም። እኔ ደመወዝ አለኝ፣ ኮንትራቴም ያልቃል። የእሷ አያልቅም። ብር ስልክላት "ደከመሽ ወይ?" ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። በነጋታው ደውዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች፣ ከዚያ አለቀሰች። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እህቴ ትይዘዋለች፣ እናቴም ጎረቤት ቡና ትጠጣለች።

እህቶቼ፣ መድከም ማለት አለመውደድ አይደለም። እንዲህ ያለ ልጅ የምትይዙ፣ ስታበሉት ቀና አድርጋችሁ ትንሽ ትንሽ አጉርሱት። ስታነሱት ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ወደ ደረታችሁ አስጠግታችሁ ይሁን። ንዴት ሲመጣባችሁ የማይወድቅበት ቦታ አስተኙትና ለሁለት ደቂቃ ከፊቱ ዞር በሉ። እንቅልፍ ካጣችሁ ለማዳም በግልጽ ንገሯት። ሁሉም ማዳም "እኔም" እንደማትል አውቃለሁ። እምቢ ካለቻችሁ ለእኛ በድምፅ ላኩልን፤ ብቻችሁን አታልቅሱ።

አገር ቤት እንዲህ ያለ ልጅ የምታሳድግ እናት ወይም እህት ያለቻችሁ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ ስትደውሉ መጀመሪያ ስለ ራሷ ጠይቋት።