ሙሽራዪቱ ትጠየቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፤ የዛሬው ንግግራችን በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 24 ስለ ርብቃ፣ በዮሐንስ ወንጌልም በምዕራፍ 2 ስለ ቃና ዘገሊላ ሠርግ ከተጻፈው የሚነሣ ነው። ይኸውም ሠርግዋን በራስዋ አሳብ ለማሰናዳት የምትወድ ሙሽራ ከምን ልትጀምር ይገባታል፤ ወላጆችዋስ፣ እኛስ ካህናቱ ምን ልናደርግላት ይገባናል የሚል ነው።

በአገራችን በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ሁሉ ማሽላው ታጭዶ፣ ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ጾመ ነቢያት በልደት ተፈትቶ ጥምቀትም ሲያልፍ፣ የሠርግ ወራት ይመጣል። ዳስ ይጣላል፤ ጠላ ይጠነሰሳል፤ በየመንደሩ እልልታና የከበሮ ድምፅ ይሰማል። በቀድሞ ጊዜ ይህን ሁሉ የሚመክሩትና የሚቈርጡት ወላጆችና ሽማግሎች ነበሩ። ሽማግሌ የሚላከው ወደ አባት ነው፤ ስለ ጥሎሹ የሚነጋገሩት፣ ቀኑን የሚቀጥሩትም አባቶች ናቸው። ልጂቱ ግን አንዳንድ ጊዜ የሠርግዋን ቀን የምትሰማው ጠላው ከተጠነሰሰ በኋላ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ሌላ ሆኖአል። ልጃገረዲቱ ተምራለች፤ በወልድያ ወይም በመርሳ ከተማ ሥራ ይዛ ደመወዝ ትቀበላለች። ልብስዋን፣ ሚዜዎችዋን፣ አዳራሹን፣ ፎቶግራፍ አንሺውንና የምትጠራቸውን ሰዎች ራስዋ ልትመርጥ ትወዳለች። ይህን አይተው፣ «ሙሽራ ራስዋ ደጋሽ የሆነችበት ምን ዓይነት ዘመን ነው!» እያሉ የሚያዝኑ ሽማግሎች አሉ።

እኛ ግን ከማዘናችን በፊት መጽሐፍን እንጠይቅ። አብርሃም ለልጁ ለይስሐቅ ሚስት እንዲያመጣለት ታማኝ ሎሌውን ላከ። ሎሌው ጸልዮ ርብቃን በውኃ ጉድጓድ አጠገብ አገኛት፤ ከወንድምዋ ከላባና ከቤተ ሰቦችዋ ጋር ተነጋግሮ ተስማማ፤ ስጦታም ሰጠ። እንደ እኛ አገር ልማድ ቢሆን ነገሩ በዚህ ባለቀ ነበር። ነገር ግን አላለቀም። በነጋው ልጂቱን ጠርተው፣ ከዚህ ሰው ጋር ለመሄድ ትወድ እንደ ሆነ ጠየቁአት፤ እርስዋም እንደምትሄድ በገዛ አንደበትዋ መለሰች። የመረቁአትና የሸኙአት ከዚያ በኋላ ነው። ምእመናን ሆይ፣ ልብ በሉ፤ ምርቃቱ ከመልስዋ በኋላ እንጂ ከመልስዋ በፊት አልሆነም።

አባቶቻችንም በፍትሐ ነገሥት፣ ስለ ጋብቻ በሚናገረው በ24ኛው አንቀጽ፣ ጋብቻ ያለ ተጋቢዎቹ ፈቃድ እንዳይጸና ደንግገዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግም ወንድም ሆነ ሴት 18 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ ይከለክላል። እንግዲህ የሙሽራዪቱን ቃል መጠየቅ ዛሬ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ እኛ የዘነጋነው ጥንታዊ ሥርዓት ነው።

በዚህ ነገር እኛም ከበደል አልዳንንም። ክህነት በተቀበልንበት በመጀመሪያው ዘመን አንዲት ልጅ ለተክሊል ቀረበችልን። ፈቅደሽ ነውን ብለን ብንጠይቃት አንገትዋን ደፍታ ዝም አለች። አባትዋ፣ «ዓይን አፋር ናት፤ ዝምታዋ እሺታ ነው» አሉን። ሕዝቡ ቆሞ፣ ድግሱም ተሰናድቶ ነበርና የአባትዋን ቃል እንደ እርስዋ ቃል አድርገን ተቀበልን። ዓመት ሳይሞላ ልጂቱ ቤትዋን ትታ ወደ ሩቅ አገር ሄደች። አስቀድመን በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ለብቻዋ ጠርተን ጠይቀናት ቢሆን ኖሮ እንባዋን ባየን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሙሽራን ከሠርጉ ብዙ ሳምንት አስቀድመን፣ ወላጆችዋ በሌሉበት ሳንጠይቅ ወደ ተክሊል አናቀርብም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ደግሞ ከመርሳ አጠገብ ካለ ቀበሌ አንዲት ልጃገረድ ደብተር ይዛ ወደ እኛ መጣች። «አባታችን፣ ሠርጌን በዚህ ጽፌዋለሁ፤ ይመልከቱልኝ» አለችን። በመጀመሪያው ገጽ የልብሱ ዋጋ፣ በሁለተኛው መኪናውና አዳራሹ፣ ቀጥሎም የሚዜዎቹ ልብስ፣ ፎቶግራፉና የጥሪው ወረቀት በየተራው ተጽፎአል። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ቤተ ክርስቲያን» የሚል አንድ ቃል ብቻ አለ፤ ከሥሩ ምንም የለም። እኛም፣ «ልጄ፣ ደብተርሽ መልካም ነው፤ አሳብሽን ማንም አይንቀፈው። ነገር ግን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሪው» አልናት።

ለእርስዋ የነገርናትን ለእናንተም እንነግራለን። መጀመሪያ፣ ከእጮኛሽ ጋር ሆናችሁ ወደ ነፍስ አባታችሁ ሂዱና ንስሐ ግቡ። የተክሊል ጸሎት የሚደረገው ድንግልናቸውን ጠብቀው ለቆዩ ነው። ከዚህ የወደቀ ቢኖር ግን፣ ለእኔ በር ተዘግቶአል ብሎ ከቤተ ክርስቲያን አይሽሽ፤ ንስሐ ገብቶ በቅዱስ ቁርባን መጋባት ይቻለዋልና።

ሁለተኛ፣ ለአዳራሽ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ቀኑን ካህን ጠይቂ። በጾም ሠርግ የለም፤ ጾሙም በየዓመቱ በአንድ ቀን አይውልም። በባሕረ ሐሳብ ቍጥር ጾመ ነነዌ ከጥር 17 ቀን አይወርድም፣ ከየካቲት 21 ቀንም አይወጣም፤ ዐቢይ ጾምም ከየካቲት 1 ቀን እስከ መጋቢት 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። ይህን ሳይጠይቁ ቀን ቈርጠው፣ ጥሪ በትነው፣ በኋላ ከካህን ጋር የሚከራከሩ ብዙ ናቸው።

ሦስተኛ፣ በዚያ ቀን የሚደረግልሽን ዕወቂ። ካህኑ ይጸልይላችኋል፤ ቀለበታችሁን ይባርካል፤ በተጸለየበት ዘይት ይቀባችኋል፤ አክሊል ይደፋላችኋል፤ ቅዳሴው ተቀድሶም ሥጋውንና ደሙን በአንድነት ትቀበላላችሁ። ይህን ማንም ሊከራይልሽ ወይም ስለ አንቺ ሊፈጽምልሽ አይችልም። ከሠርግሽ ሁሉ ይልቅ የራስሽ የሆነው ይህ ነው።

ልጂቱም ይህን ሁሉ ሰምታ ከጨረሰች በኋላ ሳትነሣ ቀረች። ብንጠይቃት እንዲህ አለች፤ «አባቴ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሊሸጡ፣ የጐደለውንም ሊበደሩ ነው። እኔ ይህን አልሻም፤ ነገር ግን ብናገር የአባቴን ክብር የነካሁ ይመስለኛል።» በደብተሩ ውስጥ ያልተጻፈው የሠርጉ ዋና ነገር ይህ ነበር።

ከቅሬው ሽማግሎች ጋር ሆነን ወደ ቤታቸው ሄድን። አባትዋ፣ «ዕድሜዬን ሙሉ የጎረቤቶቼን ድግስ ስበላ ኖሬ፣ ዛሬ የራሴን ልደብቅ? ብድሬን ሳልመልስ ልሙት?» አሉ። ነገራቸው የስስት ወይም የከንቱ ውዳሴ ብቻ አልነበረም፤ የበሉትን መመለስ በአገራችን ትልቅ ዕዳ ነውና። በዚያን ጊዜ ልጂቱ ራስዋ ተነሥታ፣ «አባባ፣ እኔ ወደ ባሌ ቤት ስሄድ እርስዎ በአንድ በሬ እንዲቀሩ አልፈልግም፤ የክረምቱ እርሻ ሲመጣ ከማን ጋር ይጠምዱታል?» አለቻቸው። አባትዋ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። በመጨረሻም፣ «እንግዲህ ሠርጉ የእርስዋ ከሆነ ቃሉም የእርስዋ ይሁን» አሉ።

አዳራሹና መኪናው ቀሩ። በግቢያቸው ዳስ ተጣለ፤ ድስቱና ወንበሩ ከቅሬው መጣ፤ የመንደሩ ሴቶች እንጀራውን ተካፍለው ጋገሩ። እንደ ወሎ ልማድም ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸው በራሳቸው ሰው እጅ ታርዶ፣ ለብቻው ተሠርቶ ቀረበላቸው። «ድግሱ አነሰ» ብሎ የተቀየመ ዘመድ አልጠፋም። በሬው ግን አልተሸጠም፤ በዚያው ክረምት ከጓደኛው ጋር አርሶአል።

ምእመናን ሆይ፣ ጦርነቱ ወደ ወልድያና ወደ አካባቢዋ ከደረሰበት ከ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ሕዝባችን ያየውን መከራ ታውቃላችሁ። ከዚያ የተረፈውን ከብት በአንድ ቀን ድግስ ማጥፋት ጥበብ አይደለም። በየዓመቱ ጥር 12 ቀን የምናከብረው የቃና ሠርግ ምን ያስተምረናል? በዚያ ቤት የወይን ጠጁ አለቀ፤ ሙሽሮቹ ግን አላፈሩም፤ ጌታንና እመቤታችንን ጠርተው ነበርና። የጎደለውን ያስተዋለች እመቤታችን ናት፤ የሞላው ልጅዋ ነው። እርሱ የተጠራበት ሠርግ ጥቂት ቢሆን አያፍርም፤ እርሱ ያልተጠራበት ግን ብዙ በሬ ቢታረድበትም ባዶ ነው።

ስለዚህ አንቺ ልጄ፣ ልብስሽን ምረጪ፤ ነገር ግን በቅድስተ ቅዱሳኑ ፊት የሚያስቆምሽ ይሁን። የአገርሽ ሸማኔ የሠራው ጥለት ያለው ሸማ ለሙሽራ ያምራል እንጂ አያሳፍርም። ፎቶግራፍ ተነሺ፤ ነገር ግን አንሺው በጸሎቱ መካከል ካህኑን እየገፋ እንዳይመላለስ አስቀድመሽ እዘዢው። ከምትጠሪያቸውም መካከል ሊጠራሽ የማይችለውን ድኻ ጻፊው። እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁን ከመመረቃችሁ በፊት ጠይቁአት፤ ስትናገርም አትቈጡ። አንተም ሙሽራው፣ ወጪውን ለእርስዋና ለአባትዋ ጥለህ እንደ እንግዳ አትቀመጥ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ አካል ናችሁና።

በቃና ዘገሊላ ሠርግ የተገኘ አምላክ በልጆቻችን ሠርግ ይገኝ፤ የጀመሩትን ያስፈጽማቸው፤ ቤታቸውን በፍቅርና በሰላም ያጽናላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።