የካቴድራል መዘምራን እንዴት ሳይቋረጡ ይኖራሉ?

የዛሬው ርእሳችን የእንግሊዝ ካቴድራል መዘምራን ነው። የካቴድራል መዘምራን ሕይወት እንደ እርሾ ነው፤ ከትናንቱ ሊጥ የተረፈው የዛሬውን ያቦካል። እንዴት ቢሉ፣ ወንድ ልጅ ድምፁ ሲጎረንን ቀጭኑን ዜማ ይለቃል። ነገር ግን ታናናሾቹ ቀድመው፣ በልምምዱና በማታው ጸሎት አጠገቡ ቆመው፣ ሙያውን ቀስመዋል። ወፍራሙን ድምፅ ደግሞ አዋቂዎች ይይዙታል።

"ታዲያ ቀጭኑን ዜማ ወንዶች ልጆች ብቻ ሲይዙት ኖረው፣ አሁን ሴቶች ልጆች ቢገቡ ወጉ አይፈርስም ወይ?" የሚሉ ነበሩ። ስጋታቸው ወጉን ከመውደድ የመጣ ነው፤ ሊናቅ አይገባም። ግን እርሾው ያለው በየዕለቱ ትምህርት እንጂ በፆታ አይደለም። ለዚህም ማስረጃ አለ። የሶልዝበሪ ካቴድራል በፈረንጆቹ 1991 የሴት ልጆች መዘምራን አቋቋመ። የካቴድራል መዘምራኑ ወግ ግን አልፈረሰም፤ ዛሬም ወንዶቹም ሴቶቹም እዚያ ይዘምራሉ።