ልጆቻችን ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሲሄዱ
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ልጆቻችንን መርቀን ከመሸኘታችን በፊት የሚሄዱበትን አገር ሕግ ማሳወቅ የእኛም ግዴታ ነው። ሕግ አለማወቅ ከቅጣት አያድንምና።

በመጀመሪያ ስለ ሻንጣው እንነጋገር። «ለዘመድ አድርስልኝ» እያልን ጫት የምንልክ አለን። እዚህ በየሱቁ ደጃፍ የሚሸጠው ጫት እዚያ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሄሮይን ጋር በአንድ ምድብ ተመዝግቧል። አንድ ዙርባ ጫት የስንት ዓመት ልፋት ያስቀራል እኮ! ስለዚህ ያልተፈተሸ ዕቃ በሰው ልጅ ላይ አንጫን።

ሥራን በተመለከተ፤ የኤፍ-1 ቪዛ ያለው ተማሪ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራትም ክልክል ነው። እኛም «ገንዘብ ላክ» እያልን አናስጨንቀው። አድራሻ ሲለውጥ በ10 ቀን ውስጥ ለትምህርት ቤቱ ያስታውቅ።

ሌባውስ? «ከኢሚግሬሽን ነው፤ የስጦታ ካርድ ገዝተህ ቁጥሩን ንገረን፤ አለዚያ ትባረራለህ» እያለ የሚደውል አታላይ ሞልቷል። መንግሥት በስጦታ ካርድ ገንዘብ አይቀበልም። ልጁ ስልኩን ዘግቶ የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይጠይቅ። አደጋ ሲደርስ 911 ይደውል። ሲነዳ ፖሊስ ቢያስቆመው እንደዚህ አገር ወርዶ ወደ ፖሊሱ አይሂድ፤ እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ።

ይህን ያነበባችሁ ላላነበቡት ንገሩልን። ልጆቻችን በሰላም ሄደው በሰላም ይመለሱ!