የስቅለት ዓርብ በአንዋር ሰፈር

በመርካቶ የአንዋር መስጊድና የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በጉርብትና በቆሙበት ሰፈር፣ በዕለተ ስቅለት ምእመናን ከነግህ ጀምረው ሲሰግዱ፣ ሙስሊሞችም ለጁምዓ ሲሰበሰቡ የተመለከተ ሰው፣ የመስቀሉ ነገር በየሃይማኖቱ እንዴት እንደሚተረጎም መጠየቁ አይቀርም።

ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያናችን፣ ዲያብሎስ ከአዳምና ከሔዋን የተቀበለውን የባርነት ደብዳቤ አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሌላውን በሲኦል እንደ ሸሸገ፣ ክርስቶስም ያንኛውን በጥምቀቱ፣ ይህንኛውን በሞቱ ወደ ሲኦል ወርዶ እንደ ደመሰሰ ሲያስተምሩ፣ መስቀልን የድልና የነጻነት ዓርማ ያደርጉታል፤ የባርነትን ቀንበር ለሚያውቅ ሕዝብ ከዚህ የቀረበ ትርጓሜ ያለ አይመስለኝም።

በምዕራብ ግን የካንተርበሪው አንሴልም በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ ኃጢአት ላጎደለው የእግዚአብሔር ክብር የተከፈለ ካሣ አለው፤ አቤላርድ ልብን የሚማርከውን ፍቅር አጐላበት፤ ካልቪን በእኛ ፈንታ የተቀበለውን ፍርድ አየበት።

ቁርኣን ደግሞ በሱረቱ አን-ኒሳእ 157ኛው አንቀጽ ዒሳ አለመሰቀሉን ይናገራል፤ ሙስሊሞችም አላህ ወደ ራሱ እንዳነሣው ያምናሉ።

በዚያችው ዓርብ፣ የጁምዓው ሶላት ካበቃ ከሰዓታት በኋላ፣ ካህናቱ ምእመናንን በወይራ ቅጠል ጠብጥበው ያሰናብታሉ።