ትሬለር ጎትቶ ወደ ሸናንዶዋ

እሷ፦ ባልና ሚስት ቅዳሜና እሁድን ከዋሽንግተን ወጣ ብለው ማሳለፍ ከፈለጉ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክን ነው የምመርጥላቸው። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው የፓርኩ መንገድ 105 ማይል ሙሉ የተራራውን ጫፍ ይዞ ይሄዳል።

እሱ፦ ትሬለር የሚጎትት ግን ከመነሳቱ በፊት ቁመቱን ይለካ። መንገዱ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ከፍታ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ጣሪያው ላይ ያለው የአየር ማቀዝቀዣም አብሮ ይለካ፣ አደራ!

እሷ፦ ካላሳለፈስ?

እሱ፦ በስዊፍት ረን ጋፕ በር መግባት ነው። ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ካምፕ ከዚያ በኩል ዋሻ ሳይነካ ይደረሳል። ካምፑ ውስጥ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ስለሌለ ባትሪው ቀድሞ ይሞላ።

እሷ፦ እኔን ደስ የሚለኝ ይሄ መሰኪያ አለመኖሩ ነው! በሥራ ፈረቃ የተነሳ አንድ ቤት እየኖሩ የማይገናኙ ስንት ባለትዳሮች አሉ። እዚያ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ጠዋት ደግሞ ዳርክ ሆሎው ፏፏቴን ይዩ፤ መውረዱ ቀላል ነው፣ ሲመለሱ ነው ዳገቱ።

እሱ፦ ምግብ ግን ውጭ አይደር፤ አካባቢው ጥቁር ድብ አለበት። ሥጋውም እንጀራውም ትሬለሩ ውስጥ ይቆለፍበት።