የኦሜጋ 3 ብልቃጥ ወይስ አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን?
(በቴሌቪዥን የቀረበ የጤና ሐተታ፣ ሙሉ ቃል)

ዛሬ ከፖለቲካው ወጣ ብለን፣ ወደ አገር ቤት በምንልከው ሻንጣ ውስጥ ስለማይጠፋ ነገር እናነሳለን። የኦሜጋ 3 ብልቃጥ ማለታችን ነው።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲገኝ “ለእማዬ ይህቺን ኦሜጋ አድርስልኝ” የማይል ጥቂት ነው። በፍቅር የሚደረግ ነው፤ ክፋት የለውም። ነገር ግን ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ሳንነግራቸው ስንልከው፣ እናት ወይም አባት “ልጄ የላከልኝ የልብ መድኃኒት” ብለው ሐኪም ያዘዘላቸውን የግፊት ክኒን ወደ ጎን ሊያደርጉት ይችላሉ። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ ኦሜጋ 3 ምንድን ነው? ለሰውነታችን አስፈላጊ የሆነ፣ በአብዛኛው ከምግብ የምናገኘው የቅባት ዓይነት ነው። ሦስት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። ኤ.ኤል.ኤ. የሚባለው ከእጽዋት ይገኛል። ኢ.ፒ.ኤ. እና ዲ.ኤች.ኤ. የሚባሉት ደግሞ በዋናነት ከዓሣ ይገኛሉ። ዲ.ኤች.ኤ. በአንጎላችንና በዓይናችን ውስጥ በብዛት አለ።

የመጀመሪያው ለእኛ ብርቅ አይደለም፤ ተልባ አለን። ተልባ በኤ.ኤል.ኤ. ከበለጸጉ እህሎች አንዱ ነው። እናቶቻችን መውቀጣቸውም ትክክል ነበር፤ ያልተፈጨ ተልባ አብዛኛው ሳይፈጭ በሆድ አልፎ ይወጣልና። ችግሩ ሰውነታችን ከኤ.ኤል.ኤ. ወደ ሁለቱ የዓሣ ዓይነቶች የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ መሆኑ ነው። የኑግ ዘይት ደግሞ ኦሜጋ አለው ሲባል ብትሰሙ፣ ያ በዋናነት ኦሜጋ 6 ነው፤ ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ ዓሣ እንብላ? አዎ፤ ግን የትኛውን? እኛ የለመድነው ቆሮሶ፣ እዚህ ቲላፒያ የሚባለው ነው። ዋጋው ደህና ነው፣ ለጉላሽም ለጥብስም ይመቻል፣ ፕሮቲኑም ጥሩ ነው። ኦሜጋ 3ን በተመለከተ ግን ድሃ ነው። 85 ግራም የበሰለ ቲላፒያ 110 ሚሊግራም ያህል ብቻ ይሰጣል። ያንኑ ያህል የቆርቆሮ ሰርዲን 1,200 ሚሊግራም ገደማ፣ በእርባታ ያደገ የአትላንቲክ ሳልመን ደግሞ ከ1,800 በላይ ይሰጣል። ሳልመን ውድ ነው የምትሉ፣ ሰርዲን በየሱቁ አለ። በሽንኩርት፣ በቃሪያና በሎሚ አሽታችሁ በእንጀራ ሞክሩት።

አሁን ብልቃጡን አዙሩና ጀርባውን አንብቡ። ፊት ለፊት በትልቁ “1,000 ሚሊግራም የዓሣ ዘይት” ተብሎ ተጽፏል። ከጀርባው ግን በተለመደው ዓይነት ኢ.ፒ.ኤ. 180፣ ዲ.ኤች.ኤ. 120 ይላል። ሲደመር 300 ነው። ቀሪው ሌላ ዘይት ነው። ስለዚህ አንዲቷ የሰርዲን ምሳ አራት እንክብል ታህላለች ማለት ነው።

እንክብሉስ ልብን ያድናል? በ2018 ውጤቱ የወጣው ቪታል የተባለ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ25 ሺህ በላይ ሰዎችን ለ5 ዓመት ያህል ተከታትሏል። ከእነዚህ ውስጥ ከ5 ሺህ በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ። በቀን 1 ግራም የወሰዱት ሰዎች ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክና በልብ ሕመም መሞት በአንድነት ሲታዩ ጉልህ ቅናሽ አላገኙም፤ ካንሰርም አልቀነሰም። ዓሣ እምብዛም የማይበሉት ላይ የተሻለ ምልክት ታይቷል፤ ሆኖም ያ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ቅባት በጣም ከፍ ላለባቸው ሐኪም የሚያዘው ከፍተኛ መጠን ያለው ኦሜጋ 3 አለ፤ ያ ግን በክትትል የሚወሰድ መድኃኒት ነው።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሚመክረው በሳምንት ሁለት ጊዜ ዓሣ መብላት ነው። ነፍሰ ጡር እህቶቻችንም ሜርኩሪ የሚበዛባቸውን እንደ ሻርክና ሰይፍ ዓሣ ያሉትን ይተዉ፤ ሰርዲንና ሳልመን ግን ሜርኩሪያቸው ዝቅተኛ ነው።

እንክብል ከወሰዳችሁ ደግሞ ጥቂት ነገር ልብ በሉ። ዋርፋሪንን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። መጠኑ ሲበዛ የልብ ምት መዛባትን ሊያመጣ እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል። ብልቃጡ ሲከፈት የከረመ ዘይት ከሸተተ ተበላሽቷል፤ ጣሉት። የእንክብሉ ልባስ ጄላቲን ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከዓሣ ሊሆን ይችላል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያንብብ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እንተወው፤ ለማይበሉት ግን ከባሕር አልጌ የሚሠራ እንክብል አለ። ዓሣውም ኦሜጋውን ያገኘው ከዚያው ከአልጌ ነው።

ወገኖቼ፣ አትላኩ እያልን አይደለም። ከብልቃጡ ጋር ግን አንድ ስልክ ደውሉ። “እማዬ፣ ይህ ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ የግፊት ክኒንሽን እንዳታቋርጪ” በሏቸው። የሚወስዱትን መድኃኒት ስም ጠይቁና ጻፉ። ለብልቃጡ ካወጣችሁት ገንዘብ የተወሰነው ለሐኪም ቀጠሮና ለግፊት መለኪያ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ጤናችሁን ጠብቁ። ቸር ያሰንብተን።