ሆድ ሲብስ መርካቶ ምን ያዳምጣል?

(በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ሙዚቃና ስለ ስሜት ትንሽ አውሪን» ሲሉኝ ድምፄን ሰምተው የማያውቁ መሆናቸው ገባኝ። እኔ ዘፈን አልችልም። የዶርም ጓደኞቼ ምስክር ናቸው። ሳይኮሎጂ ተምሬ ከወጣሁ በኋላ ጠዋት ጠዋት በምክር አገልግሎት፣ ከሰዓት ደግሞ መርካቶ በቤተሰቦቼ ሱቅ ነው የኖርኩት። ስለዚህ የማወራችሁ እንደ አድማጭ ነው፤ ያውም እንደ መርካቶ አድማጭ።

በካሴት ዘመን መርካቶ ውስጥ ዘፈን ለመስማት ቴፕ መግዛት አያስፈልግም ነበር። ሙዚቃ ቤቱ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ ያቆመዋል። ካሴት አዟሪው ልጅ ቴፑን አንጠልጥሎ ያልፋል። አዲስ ሥራ የወጣ ሰሞን ከአውቶቡስ ተራ ተነስታችሁ እስከ ሲኒማ ራስ ብትሄዱ አንዱን ዘፈን ከየሱቁ እየቀነጫጨባችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትሰሙታላችሁ። መሃል ላይ የራጉኤል ቅዳሴ አለ፣ የአንዋር አዛን አለ፣ የተሸካሚው «ዞር በል! ዞር በል!» አለ። ሻጩም ገዢውም ሸክም ተሸካሚውም ያንኑ ዘፈን ይሰማል። ይህንን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህ ሠፈር ራሱ ዘፋኝ ወልዷል። ማህሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1941 የተወለደው እዚሁ መርካቶ ነው፣ ከጉራጌ ቤተሰብ። በትምህርቱ ብዙም አልገፋም፤ ሊስትሮ ሠርቷል። ኋላም የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች በሚያዘወትሩበት አሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ፣ አንድ ምሽት መደበኛው ዘፋኝ ባለመምጣቱ መድረክ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው «ኧረ መላ መላ» ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አውሮፓ ውስጥ እንደገና ታትሞ ስሙን ለዓለም አስተዋወቀ። ርዕሱን ልብ በሉልኝ። ሰውየው የሚለው መፍትሔ ፈልጉልኝ ነው። እኔ ቢሮ የሚመጣ ሰው የሚለውም እሱኑ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ቃሉን አያወጣውም።

ለምን አያወጣውም? አንዱ ምክንያት እኛው ነን፣ የተማርነው። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መጠይቅ ይዘን «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የመከፋት ስሜት ተሰምቶዎታል?» እንላለን። የመርካቶ ነጋዴ «የለም፣ ተመስገን» ይላል። ቆይቼ «ሆድ ይብስዎታል?» ስለው ግን አንገቱን ይደፋል። አማርኛ ስሜትን የሚያስቀምጠው ሆድ ውስጥ ነው። ሆድ ይብሳል፣ ይባባል፤ አንጀት ይላወሳል፣ አንጀት ይበላል፣ አንጀት ይርሳል። «ሆድ ባሰኝ» ያለ ሰው አዘንኩ ብቻ አይደለም ያለው። ተገፋሁ፣ ብቻዬን ቀረሁ፣ ትንሽ ብትነኩኝ አለቅሳለሁ እያለ ነው። ታዲያ ያን «ትንሽ መንካት» ከማንም በላይ የሚችልበት ዘፈን ነው።

ትዝታን ውሰዱ። ከአራቱ ቅኝቶች፣ ማለትም ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር የሚቆጠር ነው። ሜጀር የሚባለው ትዝታ ድምፆቹ አምስት ናቸው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። እነዚህኑ አምስት ድምፆች ሌላው ዓለም ለልጆች መዝሙርና ለጭፈራ ይጠቀምባቸዋል። እኛ ግን በክራር ሲጀመሩ ገና ቃል ሳይወጣ ዓይናችን ይሞላል። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐዘኑ ድምፁ ውስጥ አልተቀበረም፤ እናታችን ስትፈትል ስታንጎራጉር፣ አባታችን ራዲዮኑን ጠጋ ብሎ ሲሰማ እኛው ተምረነዋል ማለት ነው። ካሳ ተሰማን ወይም አስናቀች ወርቁን የሰማ ሰው ያለቀሰው ለክራሩ አይደለም፤ ክራሩ ለቀሰቀሰበት ሰው ነው።

የውጭዎቹም ጥናት እዚሁ አካባቢ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሊላ ታሩፊና ስቴፋን ኮልሽ የተባሉ ተመራማሪዎች 772 ሰዎችን ጠይቀው፣ አሳዛኝ ሙዚቃ በብዛት የሚቀሰቅሰው ሐዘንን ሳይሆን ናፍቆት የተቀላቀለበት ያለፈ ጊዜ ትውስታን መሆኑን ጻፉ። በአማርኛ አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር፦ ትዝታ። ከዚያ በፊት በ2011 በሞንትሪያል የእነ ሳሊምፑር ጥናት የምንወደው ሙዚቃ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ እንዲያውም ሊደርስ ነው ብለን ስንጠብቅ፣ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንደሚለቀቅ አሳይቷል። የምናውቀውን ዘፈን ደጋግመን የምናስከፍተው ለዚህ ይሆናል። የት ላይ እንደሚነካን እናውቃለን፤ እዚያ እስኪደርስ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።

ግን ማልቀስ ብቻ አያድንም። አባቶቻችን ይህን በደንብ ያውቁ ነበር። ለቅሶ ቤት አልቃሽ ሙሾ ታወርዳለች፣ የሟቹን ሥራ ትቆጥራለች፣ ሰው ይቀበላታል፣ ደረት ይመታል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ይነሳና «በቃ፣ ይብቃችሁ» ይላል። ያ «በቃ» የሙሾውን ያህል ዋጋ አለው። ሐዘኑ በር ተከፍቶለት ይወጣል፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል፤ ነገ በሰልስቱ እንደገና ይከፈታል። ዘፈንም እንደዚያው ነው። ስድስት ደቂቃ ነው፤ ያልቃል።

ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ ያየሁትን አልረሳም። ቤቱ ሁሉ ዶሮ ሠርቷል፣ ሰው ግን ጉሮሮው ተዘግቷል። በማግስቱ መርካቶ የተከፈተው ሱቅ ሁሉ እሱኑ ያዘፍናል። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል እስኪቀበር ድረስ ሟቹ ራሱ የራሱን ሙሾ ሲያወርድ ሰነበተ ማለት ይቻላል። ተፎካካሪ ነጋዴዎች፣ ክርስቲያን ሙስሊሙ፣ በር ላይ ቆመው አብረው ያዳምጡ ነበር። ማንም ማንንም «ምን ሆነሃል?» አላለም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ጎረቤቴ የነበሩ አንድ ትልቅ ሰው፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ በዚያች ሌሊት ሱቃቸውን ከነዕቃው አጡ። ከዕቃው አብዛኛው በዱቤ የገባ ነበር። መርካቶ በቃል ነው የሚሠራው፤ ዕቃው ቢቃጠልም ቃሉ አልተቃጠለም። ሰው ሁሉ እየሄደ «እግዜር ይተካ» አላቸው። እሳቸውም «ይመስገን» አሉ። ሳምንታት አለፉ። አይበሉም፣ አይናገሩም፣ ልጆቻቸው ጨነቃቸው። እኔ ባለሙያዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ «ደህና ነኝ ልጄ» ነው መልሱ።

አንድ ቀን በመኪና ወደ ቤታቸው ሳደርሳቸው ራዲዮ ላይ የማህሙድ ትዝታ መጣ። ልቀይረው ስል «ተይው፣ ድምፁን ጨምሪው» አሉኝ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አለቀሱ፤ ወደ እኔ አላዩም፣ እኔም ወደሳቸው አላየሁም። ሲያልቅ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉና ያልጠበቅኩትን ነገር ጀመሩ፦ ቁጥር። ለእገሌ ይህን ያህል አለብኝ፣ ለእገሌ ይህን ያህል፤ እገሌ ይታገሠኛል፣ እገሌ ግን ልጁን እየዳረ ነው። ያን ሁሉ ሳምንት አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን ዕዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው ቆጠሩት። በሳምንቱ ባለዕዳዎቹን አንድ ቤት ሰብስበን ተነጋገርን። ዘፈኑ አምስት ሳንቲም አልከፈለም። አፋቸውን ግን ከፈተላቸው፤ እኔ በዲግሪዬ ያልከፈትኩትን።

ይህን ስል ዘፈን ለሁሉም መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። እነ ጋሪዶና ሹበርት ያጠኑት ሌላ ዓይነት አድማጭ አለ፤ ያንኑ ሐሳብ እያመነዠከ የሚኖር ሰው። እንዲህ ያለው ሰው አሳዛኝ ዘፈን ሲሰማ አይቀለውም፤ እንዲያውም ይብስበታል፣ ግን መስማቱን አይተወውም። በሥራዬም አይቻለሁ። ኤርፎን ጆሮው ውስጥ ከትቶ አንዱን ትዝታ ሌሊቱን ሙሉ የሚያዞር ወጣት አለ። ማንም አብሮት አይሰማም፤ «በቃ» የሚለው ሽማግሌም የለም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄን ነው። የድሮው ድምፅ ማጉያ ጆሮ ያደነቁር ነበር፣ ግን ሐዘንህን የሰፈር ያደርገው ነበር። የዛሬው ስልክ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ከነሐዘንህ ብቻህን ያስቀምጥሃል። ለወጣት ደንበኞቼ የምሰጠው የቤት ሥራ ቀላል ነው፦ ዘፈኑን አትተው፣ ከአንድ ሰው ጋር ሆነህ ስማው፣ ሲያልቅ አጥፋውና ቡና ጠጡ። አንዳንዱ ይስቅብኛል። አንዳንዱ ይሞክረዋል።

መምህራኖቻችን እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ልለምን። የሳይኮሎጂና የሙዚቃ ተማሪዎቻችሁን አንድ ላይ አድርጋችሁ መርካቶ ላኩልን። ሆድ መባስን በአማርኛ የሚጠይቅ፣ እዚሁ ተፈትኖ የተሠራ መጠይቅ ያስፈልገናል። አረጋውያን ካሴቶቻቸውን በካርቶን አስቀምጠዋል፤ የትኛውን ዘፈን ለየትኛው ሐዘን እንደሚከፍቱት ይነግሯችኋል። ሱቅ ውስጥ ወንበር አለኝ፣ ሻይም አዛለሁ።

ጋሼ አሁን ከአንድ ዘመዳቸው ጋር በትንሽ ሱቅ ጀምረዋል። ዕዳው ገና ነው። ጠዋት ሲከፍቱ ከጥግ ራዲዮ ይሰማል፤ አንዳንዴ ዜና ነው፣ አንዳንዴ ዘፈን።

እንግዲህ ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፣ አዘጋጆቹ እጃቸውን እያሳዩኝ ነው። ከእራት በኋላ ባንድ እንዳለ ሰምቻለሁ። አንድ ትዝታ ብቻ እንዲጫወቱልን ጠይቄያቸዋለሁ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጭፈራ ይገባሉ። ሶፍት በየጠረጴዛው ላይ አለ።